ከአባባ እግር ሥር

ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ቤትህ፣ እንቅልፍህ ሳይቀር እንዴት ነው? ያ የጀርባህ ሕመም ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጫማህን የሚያስርልህ ሰው ትጠራለህ? ባለቤትህ እህቴ ደህና ናት? ትልቁ ልጅህስ፣ ያ በስልክ ድምፁ እንደ ጎረምሳ የወፈረብኝ? ትንሿስ፣ ጥርሶ የምንላት፣ የወለቁት ጥርሶቿ በቀሉላት? እኛ ሁላችን ደህና ነን፣ ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንደ ወጉ ልቀጥል ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። ወረቀት ያነሳሁት የጎደለውን ልነግርህ ነው። እስከዚያው ሰላምታዬን ተቀበል፤ ግራ ቀኝ ጉንጭህን ስሜሃለሁ፣ ያንን የማትላጨውን ጢምህን እየተራገምኩ።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክ አይሆንማ! አባባ ስልኩን ጮክ አድርጎ ጉልበቱ ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ አንተ የምትለውን እሱም እኔም ግድግዳውም አብረን ነው የምንሰማው። ለብቻዬ የደወልኩልህ ቀን ደግሞ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ያ ገደል እኛ ሳንወለድም ነበረ፣ እኛ ስናረጅም ይኖራል» ብለህ ስቀህ ዘጋህብኝ። የገደሉንም ፎቶ በስልክ ብልክልህ ተጨፍልቆ የአውራ ጣት ጥፍር አክሎ ነው የሚደርስህ። ስለዚህ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለጎረቤታችን፣ ለጤና ጣቢያው ነርስ አስይዤዋለሁ። ከደብዳቤው ጋር በካርቶን የተጠቀለለ ረጅም ወረቀት ይሰጥሃል። እስክነግርህ ድረስ አትዘርጋው፤ ችኩል መሆንህን ስለማውቅ ነው የምለምንህ።

ሥራዬን በቅጡ አጫውቼህ አላውቅም። አንተ የምታውቀኝ ስቱዲዮ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ሳነሳ ነው። ዛሬም አነሳለሁ። አለቃዬን ጋሽ ቀና ነው የምንላቸው፤ ሊነሳ የመጣውን ሁሉ «ቀና በል፣ ቀና በይ» ሲሉ ስለሚውሉ። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት የአፈር ባለሙያ መጣችና ከእኛ ጓሮ ጀምሮ እስከ ታች ወንዙ ያለውን ቦረቦር መሬት በሙሉ በአንድ ፎቶ ማየት እፈልጋለሁ አለች። በአንድ ፎቶ ስትል ደግሞ ከሩቅ ተነስቶ ሁሉ ነገር ጭስ የመሰለውን ዓይነት አይደለም። ፎቶው ሲቀርብ እያንዳንዷ ስንጥቅ፣ እያንዳንዷ የሣር ሥር መቆጠር አለባት። በየዓመቱ ከዚያው ቦታ እያነሳን መሬቱ የት የት እንደተበላ እናወዳድራለን አለች። ጋሽ ቀና ጉልበታቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ወደ እኔ ዞሩ። እንግዲህ ጉርድ አንሺዋ እህትህ በዚህ ዓይነት ገደል አንሺ ሆነች።

ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ ትዕግሥት ሲታደል ወረፋው ሰልችቶኝ የሄድኩ ነኝ። ከገደሉ ማዶ ያለው ጉብታ ላይ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ እተክላለሁ። ሩቁን የሚያቀርብ ረጅም ሌንስ እገጥማለሁ። ከዚያ ከግራ ጀምሬ አንዴ አነሳለሁ፣ ካሜራውን ቅንጣት አዞራለሁ፣ ደግሜ አነሳለሁ። እያንዳንዱ ፎቶ የቀደመውን ጫፍ መርገጥ አለበት፤ ካልረገጠ ኮምፒውተሩ ኋላ ሲሰፋቸው ቀዳዳ ይቀራል። አንዱ ረድፍ ሲያልቅ ካሜራውን ዝቅ አድርጌ ሌላውን ረድፍ እጀምራለሁ። ደመና ከመጣ እስኪያልፍ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ግማሹ በፀሐይ ግማሹ በጥላ ከተነሳ የሁለት አገር መሬት ነው የሚመስለው። እኩለ ቀን ላይማ ጭራሽ አይነሳም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላው ሁሉ ይጠፋና ያ ሁሉ ገደል ሜዳ መስሎ ቁጭ ይላል። ማለዳ ፀሐይዋ ገና በጎን ስትመጣ ነው ጎድጓዳው ሁሉ ጉዱን የሚያወጣው።

አትፍረድብኝና፣ ያምራል ወንድም ጋሼ። እኛ ልጆች ሆነን «አትጠጉ፣ ትወድቃላችሁ» ሲባልብን ስላደግን አንድም ቀን በቅጡ አላየነውም። ከላይ ቀይ አፈር አለ፣ ከሥሩ አመድማ፣ ከሥሩ ቢጫ፣ ከዚያ ደግሞ ነጭ ሆኖ የሚያብረቀርቅ። ውሃው እየሸረሸረ ያወጣቸው ሹል ሹል ጉብታዎች አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድረው እስከ ወንዙ ይወርዳሉ። የመጀመሪያውን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ሳየው አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እማማ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ልብስ ታሰጣበት የነበረው ገመድ የት ነበር? አንተና እኔ አንሶላው ሥር ስንሽሎከለክ የምትቆጣን ቦታ? ፎቶው ላይ ብፈልገው ብፈልገው የለም። ያ ቦታ ዛሬ አየር ነው።

ዋናው ጉድ የመጣው ግን ዘንድሮ ሁለተኛውን ፎቶ ሳነሳ ነው። ማለዳ ለአባባ ደወልኩለትና፣ ዛሬ ከማዶ ሆኜ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከውሃ ጉድጓዱ በኩል ጀምሬ ወደ ቤቱ ነው የምመጣው፣ እስክጨርስ ላሟንም ውሻውንም እሰርልኝ አልኩት። የሚንቀሳቀስ ነገር ሥራውን ያበላሽብኛል ብዬ ነው። «እሺ ልጄ» አለኝ። ላሟን አሰረ፣ ውሻውን አሰረ፣ ራሱን ግን ማን ይሰረው! ፎቶ አንሺ ልጁ የገዛ አባቷን ትታ ገደል ታነሳለች ብሎ አባባ በሕልሙም አላሰበም። ያንን አንተ የላክህለትን ጃኬት ለበሰ፣ ምርኩዙን ያዘ፣ ሄዶ ጉድጓዱ አጠገብ ቆመ። ከዚያ ካሜራው ጥሎት እንዳይሄድ ቀስ እያለ ወደ ቤቱ አብሮት መጣ። በየደረሰበት ደግሞ ይቆማል፤ ቆሞም አይተነፍስም። እኔ ከማዶ ምኑንም አላየሁ። ከዚያ ርቀት ቤታችን ራሷ የክብሪት ሣጥን ነው የምታክለው፤ ሰውማ ከየት ይታያል።

ኮምፒውተሩ ሰፍቶ ሲጨርስ ጋሽ ቀና መነጽራቸውን አጥልቀው ተጠጉና፣ «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ መንትያ ወንድሞች አሏቸው እንዴ?» አሉኝ። ሳይ አራት አባባ! አንዱ ጉድጓዱ ጋ፣ አንዱ አጥሩ ጋ፣ አንዱ ዛፉ ሥር፣ አንዱ ከቤቱ ጀርባ አፋፉ ላይ። አራቱም ደረታቸውን ነፍተው፣ ምርኩዛቸውን እንደ ጄኔራል ይዘው። ጋሽ ቀና «በሕይወቴ ሳይነገረው ቀና ያለ ሰው አይቼ አላውቅም» ብለው በሳቅ ፈረሱ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። በዚህ ሥራ እንዲህ ያለውን ነገር ማጥፋት ደንብ ነው፤ ባለሙያዋ የምትፈልገው አፈር ነው እንጂ አባባን አይደለም። ለማጥፋት ደግሞ ማቅረብ ያስፈልጋል። አፋፉ ላይ ያለውን የመጨረሻውን አባባ አቀረብኩት። ፊቱ ሞላ፤ የጃኬቱ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። ወደ እግሩ ወረድኩ፤ ከዚያ ክው አልኩ።

አሁን ዘርጋው ወንድም ጋሼ። ጠረጴዛ አይበቃውም፣ መሬት ላይ ዘርጋው። ከቀኝ ጫፍ ተነስተህ የቤታችንን ጣሪያ ፈልግ። አባባን አላጠፋሁትም፤ አራቱንም ላንተ ብዬ ትቻቸዋለሁ። ከጣሪያው ጀርባ ያለው ጋ ስትደርስ ፊቱን ተወውና ከጫማው ሥር እይ። አንድ ክንድ የማይሞላ አፈር ታያለህ። ከዚያ በታች ምንም የለም። መሬቱ ከሥሩ ተበልቶ አልቆ፣ ልጅ ውስጡን በልታ ቅርፊቱን የተወችው ዳቦ ሆኗል። የአጥራችን ሥሮች አየር ላይ ተንጠልጥለዋል። ጎድጓዳው ወደ ቤቱ ሥር እስከ የት እንደገባ ፎቶው አያሳይህም፤ ጨለማ ነው። ቤቱ ጋ ሆነህ ከላይ ብታየው ግን ሣር የለበሰ ደልዳላ መሬት ነው። አባባ ከሰዓት ከሰዓት ወንበሩን አውጥቶ የሚቀመጠው እዚያች ላይ ነበር። ከታች የለጠፍኩልህ ትንሿ ፎቶ ደግሞ የባለፈው ዓመት ናት። አፋፉ ላይ ያለውን ትልቅ ድንጋይ አየኸው? ያ አንተ ላዩ ላይ ተቀምጠህ የምታነብበት ድንጋይ ነው። ዘንድሮ ፈልገው፤ ወንዙ ጋ ታገኘዋለህ።

ፎቶውን ይዤ ባለሙያዋ ጋ በረርኩ። ኮምፒውተሩን ከፈተች። ብዙ አየች፣ ደግማ አየች። ሳልጠይቃት ቤቱ ውስጥ ማን ነው የሚያድረው አለችኝ። አባቴ አልኳት። የአፈሩን መሸርሸር በድንጋይ እርከንና በተክል ማስታገስ ይቻላል፣ ዓመታት ይፈጃል እንጂ እንሠራዋለን፣ ይህንን አፋፍ ግን ማንም አያተርፈውም አለች። ክረምቱ ጠንክሮ ከመግባቱ በፊት ሰውየውን አውጪ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። የሚያባብል ቃል ብጠብቅ አልነገረችኝም፤ ዛሬ ሳስበው ደግ አደረገች።

ጋሽ ቀና ፎቶውን በዚያ የሠርግ ሰንደቅ በሚያትሙበት ትልቅ ማተሚያ አትመው፣ ሒሳብ ብዬ ኪሴን ስዳስስ ተቆጥተው አባረሩኝ። አባባ ቤት ወስጄ ሳሎኑ ላይ ብዘረጋው አልበቃው አለና መኝታ ቤቱን በር ከፍተን እስከ አልጋው እግር አስገባነው። አባባ ተንበርክኮ እየዳኸ ከጫፍ ጫፍ አየው። መጀመሪያ ራሱን አገኘ። ቀጥሎ ራሱን ደግሞ አገኘ። ሦስተኛውን ሲያገኝ ሳቁ መጣ፣ አራተኛው ላይ እንባውን በእጅጌው ይጠርግ ጀመር። ይህን ሁሉ ሰው ማን ያበላዋል ይለኛል! ሳቁ እስኪወጣለት ጠበቅኩና ጣቴን ከጫማው ሥር አሳረፍኩ። ጣቴን ተከትሎ አየ። ወንበሬን የማስቀምጥባት ናት ወይ አለኝ። አዎ አልኩት። ከሥሯ ባዶ ነው ወይ አለኝ። ባዶ ነው አልኩት። ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ፣ ወደ ጓሮ ወጣ፣ ወንበሩን አንስቶ ወደ ፊት ለፊት በር አዞረው። እሰይ፣ ተረፍን አልኩ በልቤ።

የምን መትረፍ! በማግስቱ ዕቃህን እንሰብስብ ስለው ወዴት አለኝ። እኔ ቤት አጠገብ አናጺው ባሌ አንድ ክፍል ሠርቶለታል። ባሌን ታውቀዋለህ፣ አፍ የለውም እጅ ነው ያለው፤ መስኮቱን የጠዋት ፀሐይ እንዲገባለት አድርጎ፣ ምርኩዙ እንዳያንሸራትተው ወለሉን ሻካራ አድርጎ ነው የሠራው። አባባን ወስደን አሳየነው። ግድግዳውን መታ መታ አደረገ፣ በሩን ከፍቶ ዘጋ፣ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ ባሌን መረቀው። ከዚያ ለእንግዳ ይሆናል ብሎን ወደ ቤቱ ተመለሰ! ሳይቃጠል በቅጠል ነው አባባ ብለው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አለኝ። አክስታችንን ሽማግሌ ላክሁበት፤ እሷንም በጨዋታ ሸኛት። እሷም መጥታ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» አለችኝ። መከራ ሲመክረው የሚሰማበት ጆሮ መች ይተርፋል አክስቴ ብዬ ጮህኩባት። ኋላ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

ምን እንደያዘው አላወቅኩም ነበር። እርጅና ነው፣ ግትርነት ነው፣ የእማማ ትዝታ ነው ስል ነበር። ባለፈው እሑድ አንተ ስትደውል እኔም እዚያው ነበርኩ። ስለ ጀርባህ አወራህ፣ ስለ ልጆችህ አወራህ፣ አባባ ሁሉ ደህና ነው አለህ። ስትጨርስ እንደ ሁልጊዜው «በል አባባ፣ ቤቱን አደራ» ብለህ ዘጋህ። አባባ ስልኩን ኪሱ ከተተና ተነሳ። ተከተልኩት። የጓሮውን ግድግዳ ዳሰሰ፣ የመስኮቱን መዝጊያ ሞከረ፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ አንጋጦ አየ፣ አንተ የምትተኛበትን ክፍል ከፍቶ አልጋህን አራገፈ። ምን እያደረግክ ነው አባባ ስለው፣ ወንድምሽ አደራ ብሎኛል አለኝ። ስልኩን በዘጋህ ቁጥር እንዲህ እንደሚያደርግ ያኔ ነው ያወቅኩት።

አደራ እኮ አነጋገር ነው፣ ሰው ሲለያይ የሚለው ነው፣ ቻው እንደማለት ነው አልኩት። ተቆጣኝ ወንድም ጋሼ። ወንድምሽ ቃል አያባክንም አለኝ። ሲሄድ «ተመልሼ እዚሁ ነው የምኖረው» ብሎኛል፣ ያ ልጅ ሲመጣ ሜዳ ላስረክበው ነው ወይ አለኝ። አደራ በልቼ አልሞትም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ ይህንን ለሱ ብትነግሪው አልወድሽም፣ በሰው አገር ያለን ልጅ ልብ አታስጨንቂ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ይኸው ነገርኩህ። አይውደደኝ።

አንጀቴ ነው የቆሰለው። አንተ አፍህን ስለለመደው ብቻ በየሳምንቱ የምትጥላትን ቃል ሰውየው ሳምንቱን ሙሉ ሲሸከማት ይከርማል። አልወቅስህም፤ ማን ያስባል እንዲህ ብሎ። ተመልሰህ ትኖራለህ አትኖርም፣ እሱንም ላንተ ትቻለሁ፤ ከመጣህ ቦታ አይጠፋም። አሁን ግን አባባ ቤት ሊጠብቅ ብሎ ገደል አፍ ላይ ተኝቷል። አልጋውን ወደ ሳሎን አምጥቼለታለሁ። ዝናብ ባካፋ ቁጥር ልጄ አያቴ ካላደረ አልተኛም ብላ አለቀሰች እያልኩ ወደ እኛ አመጣዋለሁ። ልጅቷ ባልሠራችው ልቅሶ ስሟ መጥፋቱ አንገሽግሿታል። ለጊዜው ይሠራል፤ ክረምቱ ገብቶ በየቀኑ ሲዘንብ ግን ምን ብዬ ላስለቅሳት?

ስለዚህ የምልህን ስማኝ። ደብዳቤው ከደረሰህ በኋላ በሚመጣው እሑድ እንደ ልማድህ ደውል። ስለ ጀርባህ አታውራ፣ አትቀልድ፣ እንዴት ነው ገደሉ እያልክም አትጠይቀው፤ ደህና ነው ይልሃል። ቀጥ ብለህ፣ አባባ፣ የቤቱን አደራ አንስቼልሃለሁ በለው። በነዚህ ቃላት በለው፤ ሌላ ቃል ብታመጣ ማምለጫ ያገኝበታል። ከዚያ ደግሞ ባዶ እጁን አትተወው፤ አባባ ያለ አደራ መኖር አይችልም። የክፍልህን በርና መስኮት ስጠው። በሩን አስነቅለህ ይዘህልኝ ውጣ፣ እዚያ እህቴ ጋ ሆነህ ጠብቅልኝ በለው። ባሌ በሩን ሳይሰነጠቅ እንደሚያወጣው ምሎልኛል። በር ተሸክሞ ይወጣል አባባ፤ ጣሪያም ቢሆን ይሸከማል፣ አንተ ካልከው።

ይህን ካላልከው ግን ወይም ብለኸው እምቢ ካለ፣ ሰኞ ጠዋት እኔና ባሌ መሰላልና መዶሻ ይዘን እንሄዳለን። ቆርቆሮውን ከአናቱ ላይ አነሳለሁ። ይጮኽብኛል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ አባቷን ከቤቱ አፈናቀለች እባላለሁ። ምናልባትም ይረግመኛል። ይርገመኝ! በሕይወት ኖሮ ይርገመኝ። በየጠዋቱ በዚያች ሻካራ ወለል እየሄደ ይርገመኝ። እኔ ግን ያንን ፎቶ ሦስተኛ ዓመት ላነሳ ስሄድ ያ አፋፍ በሌለበት ቦታ አባቴን በሌንስ አልፈልገውም። ይህንን ቆርጫለሁ፤ ከአንተም ከእሱም ጋር አልደራደርበትም። አንተ አንድ ቃል ብትል ግን አባቴን ሳላዋርደው ይወጣል። ያንን ነው የምለምንህ። ለምኜህ አላውቅም፣ ታውቃለህ።

በል እንግዲህ፣ ባለቤትህን እህቴን ሳምልኝ፤ ፎቶውን ስትዘረጋው አብራህ ትየው፣ እሷ ከአንተ ይልቅ ነገር ይገባታል። ትልቁን ልጅህን ድምፁ ቢወፍርም ገና አክስቱ እንደምትቆነጥጠው ንገረው። ጥርሶን አንገቷ ሥር ሳምልኝ። አናጺው ባሌ ሰላም ብሎሃል፤ እንደ ወትሮው ራሱን ነቀነቀና ጨረሰ። ልጄ አጎቴ መቼ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣስ ለምን አለቀስሽ እንዳይለኝ ንገሪው ብላለች። አክስታችን ምርቃቷን ልካለች፤ ስለጮህኩባት ከእኔ የቀነሰችውን ሁሉ ላንተ ነው የመረቀችው። ጋሽ ቀናም ሰላም ይሉሃል፣ አንተን በጉርድ ፎቶ እንጂ በአካል ባያውቁህም።

አባባን መጨረሻ ያደረግኩት ረስቼው አይደለም። ደብዳቤ እየጻፍኩልህ መሆኑን ነግሬዋለሁ፤ ምን እንደምጽፍ ግን አልነገርኩትም። አሁን ይኸው በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ሰማዩም ጠቁሯል። ለወንድሜ ምን ልበልልህ አልኩት። ጥቂት አሰበና፣ «ቤቱ ደህና ነው በይው» አለኝ። ስለ ራሱ ምንም አላለም።

እህትህ

ከአባባ ቤት፣ ከፊት ለፊቱ በር
ቅዳሜ ከሰዓት፣ ግንቦት 16 ቀን